ሦስተኛው ቀን ላይ የመጣው እብጠት፦ ቦቢ ከተኮላሸ በኋላ የሆነው

ቦቢ የወንድሜ ውሻ ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው፣ 28 ኪሎ አካባቢ የሚመዝን ቅልቅል ዝርያ፣ ጤነኛ፣ ክትባቱ የተሟላ፣ ከዚያ በፊት ኦፕራሲዮን የሚባል ነገር ያላየ። እንዲኮላሽ የተወሰነው ከእንስሳት ሐኪሟ ጋር በደንብ ተመክሮበት ነው፣ ምክንያቱም በአካባቢው አንዲት ሴት ውሻ ወንድ የፈለገች ጊዜ ቦቢ አጥር ዘሎ ይጠፋል፣ ተነክሶም መጥቶ ያውቃል፣ አንድ ቀን መኪና ይገጨዋል ብለን ስንሰጋ ነው የከረምነው። ዕድሜውም ደርሶ ነበር። ትልልቅ ውሾች እድገታቸውን ሳይጨርሱ ሲኮላሹ መገጣጠሚያቸው ላይ ችግር የመምጣት ዕድሉ ስለሚጨምር እስኪጠነክር ይቆይ ያለችው ሐኪሟ ራሷ ናት።

ይሄን ጉዳይ ከነዝርዝሩ የምጽፈው ኦፕራሲዮኑ ተበላሽቶ አይደለም፣ በጣም ንጹህ ሥራ ነበር። ችግሩ የመጣው ቤት ከገባ በኋላ ነው፣ ያውም አሁንማ ድኗል በተባለበት ሰዓት። እኔ ከዚህ በፊትም ከኦፕራሲዮን የወጡ ውሾችን ቤቴ አስቀምጬ ተንከባክቤያለሁ፣ እና ደጋግሜ ያየሁት ነገር ሰው የመጀመሪያውን ሌሊት በጣም ይፈራል፣ እንቅልፍ አጥቶ ያድራል፣ ከዚያ ውሻው ጭራውን መቁላት ሲጀምር ጥበቃው ሁሉ ይላላል። አደጋው ግን ብዙ ጊዜ የሚያደፍጠው እዚያ ጋ ነው።

መጀመሪያ ምን እንደተደረገለት ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም በኋላ የመጣውን እብጠት ለመረዳት ይጠቅማል። ወንድ ውሻ ሲኮላሽ ብዙ ጊዜ የሚቀደደው የቆለጡ ከረጢት ራሱ ሳይሆን ከከረጢቱ ትንሽ ወደፊት ያለው ቆዳ ነው። በዚያች አንድ ቀዳዳ ሁለቱም ቆለጦች በየተራ ይወጣሉ፣ የደም ሥሩና የዘር ቱቦው ጥብቅ ተደርጎ ይታሰርና ይቆረጣል፣ ከውስጥ በሚሟሟ ክር ይሰፋል፣ ከላይ ደግሞ ቆዳው ይዘጋል። የቦቢ የላይኛው ስፌት በኋላ የሚወጣ ዓይነት ነበር። ከረጢቱ ግን ባዶውን ይቀራል፣ ማለትም ልቅ የሆነ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ቦታ። ከዚያ አካባቢ ትንሽ ደም ወይም ፈሳሽ ቢንጠባጠብ ስበት ይዞት የሚወርደው እዚያ ነው፣ እና ልቅ ስለሆነ ቶሎ ጫና ፈጥሮ መድማቱን የሚያቆም ነገር የለም።

ማታ ላይ ወንድሜ ከክሊኒክ ይዞት መጣ። ቦቢ ያው እንደሚጠበቀው ነበር፣ ዓይኑ ፈዝዟል፣ የኋላ እግሩ ይወላገዳል፣ ያለማቋረጥ ያለቅሳል። ወንድሜ ለቅሶውን ሲሰማ አመመው ብሎ በጣም ተጨነቀ። የመጀመሪያው ማታ ለቅሶ ሁሉ ግን ሕመም አይደለም፣ ማደንዘዣው ከሰውነቱ ሲወጣ ውሻው ግራ ይጋባል፣ የት እንዳለ አያውቅም፣ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዱ እየተነሳ እየተኛ ያድራል። ጎን ቁጭ ብሎ በለሆሳስ ማናገር ነው፣ መብራት መቀነስ፣ የወለሉ ቅዝቃዜ እንዳያገኘው ብርድ ልብስ ማንጠፍ፣ ሶፋና አልጋ ላይ ግን አለማውጣት፣ ሚዛኑን ስቶ ይወድቃል። ትንሽ ደረቅ ሳልም ነበረው፣ እሱ ለመተንፈሻ ጉሮሮው ውስጥ የገባው ቱቦ ያመጣው መቆርቆር ነው፣ በጥቂት ቀን ይጠፋል። ውኃ በትንሽ በትንሹ፣ ምግብ ከተለመደው ሲሶውን ያህል፣ ምክንያቱም ማደንዘዣው ሆዱን ስለሚያውከው ጠግቦ ከበላ ያስታውካል። በማግስቱ ካካ አለመውጣቱም ወንድሜን አሳስቦት ነበር፣ ግን ከኦፕራሲዮኑ በፊት ጾሟል፣ በኋላም የበላው ትንሽ ነው፣ ከየት ይምጣ? ሽንቱን እስከሸና ድረስ አንድ ሁለት ቀን ካካ ቢጠፋ የሚያስደነግጥ አይደለም።

እዚያው ማታ ግን አንድ ነገር ላይ ጠንከር ማለት ነበረብኝ። ሐኪሟ የሰጠችው ማስታገሻ ሜሎክሲካም ነው፣ በኪሎው ተሰልቶ በቀን አንዴ ከምግብ ጋር የሚሰጥ። ለቅሶው አልቆም ሲል ወንድሜ አይቡፕሮፌን ይዞ መጣ።

«እትዬ፣ ግማሽ ብቻ ብሰጠውስ? እያየሽው እኮ ነው።»

«አይሆንም አልኩህ። ግማሽም ሩብም አይሆንም።»

ይሄን ሁሉም ሰው እንዲያውቀው እፈልጋለሁ። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ፣ ሜሎክሲካም በወሰደ ውሻ ላይ ሲደረቡ ደግሞ አደጋው ይብሳል፣ ምክንያቱም ሁሉም አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ መድኃኒቶች ናቸው። ፓራሲታሞልም በዘፈቀደ የሚሰጥ አይደለም፣ ጉበቱን ሊጎዳውና ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ሊያደርግ ይችላል። ማስታገሻው አልበቃውም ከተባለ ሐኪም ጋ ይደወላል፣ ሐኪሟ ሌላ ዓይነት ትጨምራለች ወይም ትቀይራለች። የተሰጠውን ሜሎክሲካም እየወሰደም ቢሆን ማስታወክ፣ ተቅማጥ፣ ጥቁር ካካ ወይም ምግብ እምቢ ማለት ከመጣ አቁሞ መደወል ነው።

ሁለተኛው ቀን ጸጥ ያለ ነበር። ቁስሉ ደረቅ፣ ጠርዞቹ የገጠሙ፣ ዙሪያው ትንሽ ሮዝ፣ ከረጢቱ ትንሽ ነፋ ያለ። ይሄ ሁሉ ጤነኛ ነው። እንዲያውም ብዙ ሰው ከረጢቱን አይቶ ቆለጡ አልወጣም እንዴ ብሎ ይጠይቃል፣ ቆዳው ገና አልሟሸሸም ማለት ነው እንጂ ወጥቷል።

ሦስተኛው ቀን ጠዋት ቦቢ ሙሉ በሙሉ ቦቢ ሆኖ ነቃ። በላ፣ ካካውን አወጣ፣ ኳሱን በአፉ ይዞ መጣ። ወንድሜ ሥራ ሄደ፣ ቤት እማዬ ነበረች። ቁስሉን እንዳይልስ አንገቱ ላይ የታሰረለትን ሰፊ የፕላስቲክ ኮን አድርጎ በሩን ሲጋጭ፣ ውኃ ሊጠጣ ሲል የኮኑ ጠርዝ ሳህኑን ሲገፋበት፣ ቀና ብሎ ሲያያት ጊዜ አንጀቷን በላትና አወለቀችለት። እናት ናት፣ ሲጨነቅ እያየች ዝም ማለት አልሆነላትም። ከዚያ የሆነው ሁሉ የሆነው በሰዓታት ውስጥ ነው። መጀመሪያ ቁስሉን ላሰ፣ እሷ ስትቆጣው ያቆማል፣ ስትዞር ይቀጥላል። ቀጥሎ አጥሩ ላይ ድመት መጣችና ግቢውን ደጋግሞ ዞረው፣ ዘለለ፣ አጥሩ ላይ በሁለት እግሩ ቆመ። ማታ ወንድሜ ሲመጣ ከረጢቱ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ከነበረው በልጦ አብጧል፣ ቀለሙ ወይን ጠጅ ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ ቆዳው ተወጥሮ የሚያብረቀርቅ፣ ሲነካም ቦቢ ይሸሻል።

ደወለልኝ። በስልክ መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለ ከረጢቱ አልነበረም፣ «ከንፈሩን ገልጠህ ድዱን እየው» አልኩት። ድዱ ሮዝ ነው። በጣትህ ተጭነህ ልቀቀው፣ ቀለሙ ቶሎ ይመለሳል? ከሁለት ሰከንድ በታች ተመለሰ። ቆሞ ይሄዳል? ይሄዳል። ሆዱስ ተወጥሯል? የለም። ይሄን የጠየቅኩበት ምክንያት ከረጢቱ ቢያስፈራም በዓይን የሚታይ ነው፣ የሚገድለው ግን የማይታየው ነው፣ የታሰረው የደም ሥር ተፈትቶ ሆድ ውስጥ ከደማ ድዱ ይነጣል፣ ውሻው ይዝላል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ሆዱ ሊነፋ ይችላል። እነዚህ ካሉ ሌሊትም ቢሆን ሳይጠበቅ ክሊኒክ ነው። ቦቢ ላይ አልነበሩም፣ ግን ለሐኪሟ ተደውሎ በዚያው ምሽት ታየ።

ምርመራውን ቆሜ አይቻለሁ። ሙቀቱ 38.9 ነው፣ ለውሻ ኖርማል ነው፣ የውሻ ሙቀት ከሰው ከፍ ይላል፣ ከ38.3 እስከ 39.2 ያለው ጤነኛ ነው። ልቡ ደህና። ቁስሉ ጋ አንድ ስፌት ከመላሱ የተነሳ ላላ ብሏል፣ ጠርዙ ቀልቷል፣ ግን አልተከፈተም፣ መግል የለም፣ ሽታ የለም። ከረጢቱን በሁለት ጣት ቀስ አድርጋ ስትዳስሰው እንደ ሊጥ ይሰረጉዳል። ከረጢቱ ውስጥ ደም ተጠራቅሟል፣ ሄማቶማ ነው አለች። ዋናው የደም ሥር ተፈትቶ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ቆሞ ጭራውን አይቆላም ነበር፣ ይሄ ከቆዳው ሥር ካሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ነው፣ በሩጫና በዝላይ ግፊቱ ሲጨምር የረጋው ደም ተነቅሎ መልሰው ደሙ ማለት ነው። ትልልቅና ቀዥቃዣ ወንድ ውሾች ላይ ይሄ የሚገርም ነገር አይደለም።

ወንድሜ «በመርፌ አይቀዳም?» ብሎ ጠየቀ፣ እኔም ይሄን ጥያቄ ብዙ ሰው ሲጠይቅ ሰምቻለሁ። ሐኪሟ አልፈለገችም። ሲቀዳ ባዶ ቦታው እንደገና ይሞላል፣ በዚያ ላይ መርፌው ንጹህ የነበረው ደም ውስጥ ጀርም ሊያስገባ ይችላል፣ የተጠራቀመ ደም ደግሞ ለጀርም ምቹ ምግብ ነው። አንቲባዮቲክም አልሰጠችውም። ኢንፌክሽን የለም፣ ስለዚህ የሚታከም ነገር የለም፣ ለጥንቃቄ ተብሎ መስጠት ጀርሙ መድኃኒቱን እንዲለምድ ማድረግ ነው ብላ አስረዳችው። እብጠቱ እያደገ ከሄደ፣ ከጠጠረ ወይም ቆዳው መሞት ከጀመረ ግን እንደገና ኦፕራሲዮን ይሆናል፣ የሚደማውን ፈልጎ ማሰር፣ አንዳንዴም ከረጢቱን ጨርሶ ማውጣት ይመጣል አለች። ማስታገሻው ይቀጥል፣ ኮኑ ሃያ አራት ሰዓት ይደረግ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ ይያዝለት፣ በተጨማሪ ትራዞዶን የሚባል የሚያረጋጋ ኪኒን አዘዘችለት። እና መጀመሪያ ከክሊኒክ ሲወጣ ያለችውን ቃል ደገመችው፣ «ይረፍ»።

እዚህ ጋ የራሴን አስተያየት ልናገር። «ይረፍ» የምትለው ቃል ትክክል ናት ግን ብቻዋን ቤት ውስጥ አትሠራም። 28 ኪሎ ሆኖ ጉልበት የተረፈውን ውሻ ማን ነው የሚያሳርፈው፣ የት፣ በምን? ሽንት ሲወጣስ? እንግዳ በሩን ሲያንኳኳስ? ወንድሜም እማዬም ፈቃደኛ ሳይሆኑ ቀርተው አይደለም፣ ዕረፍቱ በሥራ ምን እንደሚመስል ተቆርጦ የተነገራቸው ስለሌለ ነው። ብዙ ጊዜ ከክሊኒክ የሚሰጠው አንድ ወረቀት ላይ «አይሩጥ፣ አይዝለል፣ አይታጠብ» የሚል ነው፣ ውሻው የማይሮጥበት ሁኔታ እንዴት እንደሚፈጠር አይናገርም። ስለዚህ በዚያ ምሽት ቁጭ ብለን ቤቱን እንደገና አደራጀነው።

መኝታው ከሳሎን ወደ ትንሿ ክፍል ተዛወረ፣ መስኮቷ ወደ ግቢ ስለማይከፈት ድመትም ሰውም አይታይባትም። ወለሏ ያንሸራትት ስለነበር ምንጣፍ ተነጠፈ፣ የሚያንሸራትት ወለል ላይ ውሻ ሲነሳ የኋላ እግሩ ይበረገዳል፣ ያ ደግሞ በቀጥታ ብሽሽቱንና ስፌቱን ይጎትታል። የሚዘለል ነገር ሁሉ ወጣ፣ ወንበር፣ ፍራሽ፣ ሳጥን። ለሽንት ሲወጣ በአጭር ማሰሪያ፣ ግቢ ውስጥም ቢሆን፣ አጥር አለን ተብሎ አይለቀቅም፣ ሸንቶ ካካውን ጨርሶ ይመለሳል፣ አምስት ደቂቃ ገደማ፣ በእርምጃ ብቻ። እንግዳ የሚመጣ ከሆነ አስቀድሞ ይደውላል፣ ምክንያቱም ቦቢን የበር መንኳኳት ያህል የሚያስዘልለው ነገር የለም። ወንድሜ ከሥራ ሲገባም ሰላምታው ቀረ፣ ማለት ዝም ብሎ ይገባል፣ ውሻው ሲረጋጋ ቁጭ ብሎ ያሻሸዋል። ይሄኛው ለወንድሜ ከሁሉም የከበደው ነበር፣ ሲገባ የሚሰማው ለቅሶ አንጀት ያላውሳል።

ኮኑ ደግሞ መቀየር ነበረበት። የመጀመሪያው ኮን አጭር ነው፣ ቦቢ አፈ ረጅም ነው፣ ጎንበስ ብሎ ሲጠማዘዝ ምላሱ ቁስሉ ጋ ይደርሳል። የኮን ልኩ ቀላል ነው፣ ጠርዙ ከአፍንጫው ጫፍ ጥቂት ጣት ያህል ማለፍ አለበት፣ አንገቱ ጋ ደግሞ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት፣ ከዚያ ከሰፋ ይወልቃል። በአየር የሚነፋው የአንገት ቀለበት ለብዙ ውሻ ምቹ ነው ግን አፈ ረጅም ለሆነና ቁስሉ ብሽሽት ላይ ለሆነ አይመከርም፣ ይደርስበታል። መላስ ቁስል ያድናል የሚል እምነት አለ፣ እባካችሁ እሱን ተዉት። ምላሱ ቁስሉን ይፈትገዋል፣ አፉ ውስጥ ጀርም ሞልቷል፣ ስፌት በጥርሱ ነክሶ ለመፍታት ደቂቃዎች ይበቁታል።

እማዬን ያሳመናት ክርክር አይደለም። ወንድሜ የቁስሉን ፎቶ ጠዋትና ማታ፣ ያው ቦታ፣ ያው መብራት ላይ ማንሳት ጀምሮ ነበር፣ የሁለተኛውን ቀንና የሦስተኛውን ማታ ፎቶ ጎን ለጎን አሳያት። ዝም ብላ አየችና «ውኃውን እንዴት ነው የሚጠጣልኝ ታዲያ?» አለች። ጥያቄዋ ትክክል ነበር፣ ኮኑን ያወለቀችው ለዚሁ ነዋ። ሳህኑን ከኮኑ አፍ ጠበብ ባለ ሳህን ቀየርነው፣ መሬት ላይ ሳይሆን ዝቅ ያለ ነገር ላይ ከፍ አድርገን አስቀመጥነው፣ ኮኑ ሳህኑን እንዳለ ውስጡ ያስገባዋል ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ቦቢ ፈርቶ ወደኋላ አለ፣ እማዬ ተንበርክካ ሳህኑን በእጇ ይዛ ኮኑ ውስጥ አስገባችለት፣ አንድ ሁለቴ ላሰና ቆመ፣ ጆሮው የኮኑን ግድግዳ እየነካ እንደገና ጀመረ፣ ከዚያ እስኪጠግብ ጠጣ። ከዚያ በኋላ ኮኑን አወልቃለሁ ብላ አታውቅም፣ እንዲያውም ወንድሜ ሊያጸዳው ሲያወልቀው ቆማ የምትጠብቀው እሷ ሆነች።

ቀዝቃዛ ጨርቅ ስንል በረዶ በቀጥታ ቆዳ ላይ አይደለም። በፎጣ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር፣ አሥር ደቂቃ አካባቢ፣ በቀን ጥቂት ጊዜ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት፣ ቁስሉን ሳያረጥብ ከረጢቱ ጎን ላይ ብቻ። ቦቢ መጀመሪያ ተነሳ፣ በኋላ ሲገባው እግሩን ከፍቶ ይተኛል። ቁስሉ ላይ ምንም አልተቀባም፣ ቅባትም፣ አልኮልም፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም። አልኮልና ፐርኦክሳይድ ጀርሙን ብቻ ሳይሆን የሚድነውን ሥጋም ይገድላሉ፣ ቅባት ደግሞ ቁስሉን ያረጥበዋል፣ ውሻውንም ና ላሰኝ ይለዋል። ደረቅና ንጹህ ሆኖ ከተዘጋ ምንም የሚፈልገው ነገር የለም።

ስለ ሚያረጋጋው ኪኒን ወንድሜ ቅር ብሎት ነበር፣ «አደንዝዘን ልናስቀምጠው ነው?» አለ። ጥሩ ልብ ነው ይሄን የሚያስብለው፣ ግን አንዳንድ ሰው ውሻው እንዲረጋጋ ብሎ ማስታገሻውን ያቋርጣል፣ ሲያመው አርፎ ይተኛል በሚል ሂሳብ። እሱ ነው ጭካኔው። የሚያመው ውሻ እንቅልፍ አይወስደውም፣ አይበላም፣ ቁስሉን የበለጠ ያስባል። ማስታገሻው ሕመሙን ይያዝ፣ ጉልበቱን ደግሞ በሐኪም የታዘዘ ኪኒንና በሥራ እንያዘው ተባባልን። ቦቢ በኪኒኑ አልደነዘዘም፣ ድመት ቢያይ የሚሮጠው ውሻ ድመት ቢያይ ተነስቶ የሚያይ ሆነ፣ የሚፈለገውም ያ ነበር።

ሥራ ያልኩት የአፍንጫ ሥራ ነው። የታሰረ ውሻ ችግሩ እግሩ ብቻ አይደለም፣ አእምሮው ሥራ ይፈታል፣ ከዚያ ወይ ያላዝናል ወይ ቁስሉ ላይ ያተኩራል። ምግቡን ሳህን ላይ መስጠት አቆምን። ደረቅ ምግቡን ፎጣ ላይ በትኖ ፎጣውን መጠቅለልና እንዲፈታው መተው፣ በውኃ የራሰ ምግብ ባዶ የጎማ መጫወቻ ውስጥ ጠቅጥቆ ፍሪዘር አስገብቶ ሲጠጥር መስጠት፣ ከሦስት ካርቶን በአንዱ ውስጥ ደብቆ በማሰሪያ ተይዞ እያሸተተ እንዲፈልግ ማድረግ። እያዩት ከሆነ ብቻ ለእነዚህ ለአንዳንዶቹ ኮኑ ይወልቃል፣ እጅ ግን ማሰሪያው ላይ ነው። «ቆይ»ና «ተኛ» ያልተማረ ውሻ ነበር፣ በነዚያ ቀናት ተማረ። የሩብ ሰዓት የማሽተት ሥራ ቦቢን ከረጅም ዎክ የበለጠ ያደክመው ነበር፣ ጨርሶ ዘፍ ብሎ ይተኛል።

እብጠቱ ወዲያው አልቀነሰም። የመጀመሪያው ጥሩ ምልክት አለማደጉ ነው፣ ፎቶው የረዳን እዚያ ጋ ነው፣ ምክንያቱም በየሰዓቱ የሚያይ ሰው ለውጥ ያለም የሌለም ይመስለዋል። ቀጥሎ ጥቁሩ ቀለም ተዘርግቶ ወደ ውስጥ ጭኑ ወረደና ወንድሜ ባሰበት ብሎ ፎቶ ላከልኝ። አልባሰበትም፣ የተጠራቀመው ደም ከቆዳው ሥር እየተሰራጨና ሰውነቱ እየመጠጠው ነው፣ እንደማንኛውም የተመታ ቦታ ከወይን ጠጅ ወደ አረንጓዴ ከዚያ ወደ ቢጫ ይሄዳል። የሚያስፈራው የቀለሙ መስፋት አይደለም። እብጠቱ እንደገና ቢያድግ፣ ቢሞቅ፣ የሚሸት ወይም መግል የሚመስል ፈሳሽ ቢወጣ፣ የቁስሉ ጠርዝ ቢለያይ፣ ቦቢ ምግብ ቢተው ወይም ሽንት ቢያስቸግረው ያኔ ነበር የምንሮጠው። ከእነዚህ አንዱም አልመጣም።

ስፌቱ የወጣው በአሥረኛው ቀን ሳይሆን በአሥራ አራተኛው ነው። በደንቡ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ውስጥ ይወጣል፣ የላላው ስፌት ስለነበረ ሐኪሟ የኋለኛውን መረጠች። ከረጢቱ ያኔ ለስላሳ ነበር፣ ውስጡ ትንሽ ጠጠር ያለ ነገር ብቻ ቀርቷል፣ የረጋው ደም ቅሪት ነው፣ እሱም በሳምንታት ውስጥ ሟሟ። ስፌት ወጣ ማለት ግን ቆዳው እንደ ድሮው ጠነከረ ማለት አይደለም፣ በሁለት ሳምንት የተሰፋ ቆዳ ከድሮ ጥንካሬው ጥቂቱን ብቻ ነው የሚያገኘው፣ ከላይ ተዘጋ እንጂ ውስጡ ገና ለወራት ይሠራል። ስለዚህ በዚያው ቀን ግቢ ውስጥ አልተለቀቀም። ዎኩ በትንሽ በትንሹ ረዘመ፣ ከዚያ በረጅም ማሰሪያ፣ ከዚያ ኳስ። ገላውንም የታጠበው ስፌቱ ወጥቶ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ መዘጋቱ ከታየ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው አለ። የተኮላሸ ወንድ ውሻ በማግስቱ መካን አይሆንም። ቆለጡ ቢወጣም ቱቦው ውስጥ የቀረ ዘር ስለሚኖር ለተወሰኑ ሳምንታት ማስረገዝ ሊችል ይችላል፣ ለዚህም አንድ ወር ከዚያም ትንሽ ለሚበልጥ ጊዜ ከሴት ውሻ ማራቅ ይመከራል። ከቦቢ ቤት ጀርባ ደግሞ የምትፈልግ ሴት ውሻ ነበረች፣ እና ማሰሪያው ከቁስሉ መዳን በኋላም የቀጠለው በሷ ምክንያት ነው። ሆርሞኑ ራሱ በፍጥነት ይወርዳል፣ የለመደው ባህሪ ግን ቀስ እያለ ነው የሚለቀው፣ ወንድሜ ሁለተኛው ሳምንት ላይ «አሁንም አጥሩን ያያል፣ አልሠራም ማለት ነው?» ሲል የነበረው ለዚህ ነው።

አሁን መጥፋቱን ትቷል። አጥር ጋ ሄዶ ያሸታል፣ ይመለሳል። እንግዳ ላይ መጮሁ አልቀነሰም፣ አይቀንስምም፣ ያ ከሆርሞን ጋር ብዙ የሚገናኝ አይደለም፣ ወንድሜም ቤት መጠበቁን ያጣዋል ብሎ ሲፈራ ነበር፣ አላጣም። የቀረው ሥራ ክብደቱ ነው። ከተኮላሸ በኋላ የውሻ ሰውነት የሚያቃጥለው ኃይል ይቀንሳል፣ የምግብ ፍላጎቱ ግን ይጨምራል፣ ስለዚህ የድሮውን መጠን መስጠት ውፍረት ነው የሚያመጣው። ከሐኪሟ ጋር ተነጋግረው ምግቡ በሩብ ገደማ ተቀነሰ፣ በየሁለት ሳምንቱ ይመዘናል፣ እማዬም ጎኑን በእጇ እየዳሰሰች የጎድን አጥንቱ ሳይጫኑት የሚዳሰስ መሆኑን ታያለች። ባለፈው ሲመዘን 28.4 ነበር፣ በዚሁ ይቀጥል ተብሏል።